ከሃርት አታክ በኋላ የሚደረግ የነርስ ክትትል ምንድን ነው?

በሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ) ታክሞ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣን ሰው ቤተ ዘመድ «እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ» ብሎ ይቀበለዋል። ሕመሙ ግን አላለቀም። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ቢከፈት እንኳ ያጠበበው ስብ ከነመንስኤው አብሮት አለ፤ የተጎዳው የልብ ጡንቻም እስኪጠግግ ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜና ከዚያም ወዲያ ታማሚውን በቀጠሮ፣ በስልክ ወይም ቤቱ ድረስ ሄዶ መከታተል ነው የነርስ ክትትል የሚባለው።

ብዙ ሰው ክትትል ሲባል ግፊት መለካት ብቻ ይመስለዋል። ግፊትማ ማንም ይለካል። ዋናው ሥራ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱን ማወቅ ነው። ታማሚው በአብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያግዙትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል፣ የደም ስብ የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን፣ የልብን ጫና የሚያቀልለውን ቤታ ብሎከርና እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። አስፒሪንና አቶርቫስታቲን አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ ክሎፒዶግሬል ብዙ ጊዜ እስከ 1 ዓመት ይወሰዳል። ደረቱን ካላመመው ታዲያ ይህን ሁሉ ክኒን ለምን ይውጣል? አንዱ ሲያልቅ ሳይገዛ ይከርማል፣ ሌላው ይረሳል።

ነርሷ አንድ ታማሚን ትጠይቃለች፦ «ጋሼ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ደህና ነኝ።»

«እስኪ ያምጡትና የቀረውን ፍሬ አብረን እንቁጠረው።»

ሲቆጠር ኢናላፕሪሉ አልተነካም። ለካ ደረቅ ሳል ይዟቸው፣ በማርና በዝንጅብል ቢሉት አልለቅ ሲላቸው ክኒኑን ጠርጥረው ትተውታል። ጥርጣሬያቸው ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ሳል እንደሚያመጣ ይታወቃል፣ ሐኪሙም በሌላ ይተካዋል። ክፋቱ ለማንም ሳይናገሩ መተዋቸው ነው። የተዉት ክሎፒዶግሬል ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ለገባለት ሰው፣ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችል ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የጠዋቱ መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ወይ ጭራሽ ይዘለላል። ብልህ ነርስ «አይጹሙ» ብላ አትከራከርም። ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ታስተካክላለች፤ ካልሆነም የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ትመክራለች። በረመዳንም እንዲሁ። ጸበል ቦታ ሄዶ ክኒኑን የሚያቆምም አለ። አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይወሰዱ ማለታቸውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይረዳል።

ምግቡ ላይ የሚያስቸግረው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ እሱም አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው ከገባባቸው ወጡ ላይ መጨመሩ ትርፍ ነው። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ የጨመረ፣ ወይም ጫማው እምቢ ያለው ሰው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን አይጠብቅ።

እንቅስቃሴው በሜዳ ይጀመራል፤ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው ዳገት ይቆይ። እንቅልፍ ማጣትና ሆድ መባስም ይጠየቃል፣ ከሃርት አታክ በኋላ ድብርት የተለመደ ነውና። ወንዶቹ ግን ካልተጠየቁ አይናገሩም።

እያረፉ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ላብና ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከመጣ ለነርሷ ደውሎ መልስ መጠበቅ አይገባም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከከተማ ውጪ፣ ደንቢያም ይሁን ወገራ፣ የሚኖር ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ለጥያቄ የሚደወልበትን ስልክ፣ እንዲሁም በመሃሉ ግፊቱን የሚያይለት የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ።