ክፍት የዳሌ አጥንት ስብራት

የዳሌ አጥንት ተሰብሮ ስብራቱ በቆዳ፣ በፊንጢጣ ወይም በሴት ብልት በኩል ወደ ውጭ ሲከፈት ክፍት የዳሌ ስብራት ይባላል። ከዳሌ ስብራቶች ሁሉ ድርሻው ከ2 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው። ገዳይነቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተጎጂዎቹ ግማሽ ያህሉ ይሞቱ ነበር። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅ ወይም በከባድ ነገር መጨፍለቅ ነው።

ዳሌ ሲሰበር ደም በብዛት የሚፈሰው ከአጥንቱ ራሱና በስተኋላ ከተጠላለፉት ደም መላሽ ሥሮች ነው። ስብራቱ ዝግ ከሆነ የሚጠራቀመው ደም ራሱ እየተጫነ መድማቱን ሊገታው ይችላል። ክፍት ከሆነ ግን ግድቡ ተንዷል። በዚያ ላይ የሰገራ ጀርም ወደ ስብራቱ ይገባል። የመጀመሪያው ገዳይ፣ መድማቱ፣ በሰዓታት፣ ሁለተኛው፣ ኢንፌክሽኑ፣ በሳምንታት ይሠራል።

ቁስሉ ሁልጊዜ ዓይን አይገባም። በጀርባው የተኛን ታካሚ ከፊት ብቻ ያየ ሐኪም በመቀመጫው እጥፋት ያለውን ስንጥቅ ያልፈዋል። ስለዚህ ታካሚው በጥንቃቄ ይገለበጣል፣ ፊንጢጣና የሴት ብልትም በጣት ይመረመራሉ፤ በጓንቱ ጫፍ ላይ የታየ ትንሽ ደም ዝግ የተባለውን ስብራት ክፍት ያደርገዋል። ይህን ምርመራ በይሉኝታ መዝለል ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ክፍት ስብራትን በቁስሉ ስፋትና በጉዳቱ ክብደት የሚመድበው፣ ለረጃጅም አጥንቶች የተሠራው የጉስቲሎ አመዳደብ እዚህ ብዙም አይረዳም፤ በዳሌ ላይ ከቁስሉ ስፋት ይልቅ ያለበት ቦታ ይበልጣል። ጆንስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ሦስት ደረጃ አወጡ። በመጀመሪያው የዳሌው ቀለበት፣ ማለትም የዳሌ አጥንቶች ተያይዘው የሚሠሩት ክብ፣ የጸና ነው፤ በሁለተኛው ቀለበቱ ይናጋል፣ ፊንጢጣና አካባቢው ግን አልቆሰሉም፤ በሦስተኛው ቀለበቱም ተናግቷል፣ ቁስሉም እዚያው ነው። ፋሪንገር ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ቁስሉን በቀጠና ከፋፍሎ ነበር፤ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ፣ በብሽሽትና በጭን ውስጠኛ ገጽ፣ በመቀመጫው ውጫዊ ጎን። ይህ ክፍፍል ሰገራን ከቁስሉ ማራቅ የሚያስፈልገው ለየትኛው ታካሚ እንደሆነ ይጠቁማል።

ሕክምናው በመታጠቂያ ይጀምራል። መታጠቂያ ከሌለ የታጠፈ አንሶላ ይበቃል፤ የሚታሰረው ግን ወገብ ላይ ሳይሆን በጭኑ አናት በጎን በሚዳሰሰው ጉብታ ዙሪያ ነው። ወገብ ላይ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። ዳሌውን ለመፈተሽ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማናወጥም የረጋውን ደም ከማላቀቅ በቀር ጥቅም የለውም። ደም፣ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) እና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት) ተመጣጥነው ይሰጣሉ፤ መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ከአደጋው በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ አንቲባዮቲክና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም አይዘገዩም። መድማቱ ካልቆመ ቀለበቱ ከውጭ በብረት ይያዛል፣ ዳሌው ውስጥም ፋሻ ይጠቀጠቃል። የሚደማውን ደም ቅዳ ቧንቧ በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መድፈን መሣሪያውና ባለሙያው ባለበት ሆስፒታል ብቻ የሚቻል ሲሆን፣ ለጥቅጠቃው ግን ፋሻና የቀዶ ሐኪም እጅ ይበቃሉ። በሽንት መውጫው ጫፍ ደም ከታየ ቱቦ በጭፍን አይገባም፤ በመጀመሪያ ቧንቧው በራጅ ይታያል።

ቁስሉ ወዲያው አይሰፋም፤ በየአንድና ሁለት ቀኑ ይከፈታል፣ የሞተ ሥጋ ይቆረጣል፣ ይታጠባል። ፊንጢጣ ወይም ዙሪያው ከቆሰለ ሰገራ ቁስሉን እንዳይነካ ትልቁ አንጀት ቀደም ብሎ በሆድ በኩል እንዲወጣ ይደረጋል። ወደ ቦታው የሚመለሰው ከወራት በኋላ፣ ቁስሉ ደርቆ የፊንጢጣው ጡንቻ መቋጠር መቻሉ ሲረጋገጥ ነው።