«ሰብካፕሱላር» ማለት ምን ማለት ነው?

ሲቲ ስካን ውጤት ላይ «ሰብካፕሱላር ሄማቶማ» የሚል ያነበበ ሰው ጉበቱ የፈነዳ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጉበት የግሊሰን ሽፋን በሚባል ስስ ልባስ ተጠቅልሏል። ቃሉ የሚናገረው በዚህ ሽፋንና በጉበቱ ሥጋ መካከል ስለተጠራቀመ ደም ነው።

ባለሙያው የሚለየው በቅርፁ ነው። ከሽፋኑ ሥር የታፈነ ደም መሄጃ ስለሌለው እንደ ምስር ፍሬ ያብጥና የጉበቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ከሽፋኑ ውጭ ያለ ፈሳሽ ግን ጠርዙን ሳያጎደጉድ ዙሪያውን ተከትሎ ይተኛል።

በአደጋ ለደረሰ ጉዳት ስፋቱም ይታያል፦ ከጉበቱ ገጽ ከ10 በመቶ በታች ከያዘ ደረጃ 1፣ ከ10 እስከ 50 ደረጃ 2፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 3። (ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉዳቱም ይከብዳል፤ እንደ ትምህርት ቤት ደረጃ አይደለም።) አልትራሳውንድ ያላሳየውን ሲቲ ቢያሳይ አይግረምዎ፤ ለጥልቅ አካል የሚሠራው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ለቆዳ የቀረበውን የጉበት ጠርዝ አጥርቶ ላያሳይ ይችላል።