ሜቶድ ኮርስ ምንድን ነው? እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሁሉ ለምን እንግሊዝኛ አያስተምርም?

ደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብተው የእንግሊዝኛ መምህር ለመሆን የሚያስቡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው «እንግሊዝኛዬ አሪፍ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ ይፈራል። «እኔ ፊልም እንኳ ያለ ትርጉም አይገባኝም፣ እንዴት ብዬ ነው እንግሊዝኛ የማስተምረው?» የሁለቱም መልስ ያለው ሜቶድ የሚባለው ኮርስ ውስጥ ነው። እሱን እንየው።

ሜቶድ ባጭሩ አንድን የትምህርት ዓይነት፣ ለአንድ ዕድሜ ልጆች፣ እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚሠለጥኑበት ኮርስ ነው። መጽሐፍ ላይ የማስተማር ሥነ ዘዴ ተብሎ ይጻፋል፣ ግቢ ውስጥ ግን ሜቶድ ነው የሚባለው። ከሌሎቹ ኮርሶች ጋር አታምታቱት። ሰዋስው፣ ንግግር፣ ንባብ፣ ጽሕፈት የምትማሩባቸው ኮርሶች የእናንተን እንግሊዝኛ የሚያሻሽሉ ናቸው። የልጅ ዕድገት፣ የክፍል አያያዝ፣ ምዘና የምትማሩባቸው ደግሞ የሒሳቡም የአማርኛውም ዕጩ መምህር የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች ናቸው። ሜቶድ እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ብዙ ተማሪ «ቀላል ኮርስ» ብሎ የሚንቀውም እሱን ነው።

ሐሳቡን በደንብ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ ሊ ሹልማን የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጽሑፍ ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ማስተማር በጥቅሉ ማወቅ ሌላ ነገር ነው፣ ግን መምህሩን መምህር የሚያደርገው ሦስተኛ እውቀት አለ አለ። ተማሪው በዚህ ትምህርት የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ለምን እንደሚሰናከል፣ በየትኛው ምሳሌ እንደሚነሣ ማወቅ። ስሙን «ፔዳጎጂካል ኮንቴንት ኖውሌጅ» አለው። ስሙ ከባድ ነው፣ ነገሩ ግን ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

አንድ ቃል ወስደን እንየው። «ካት»፣ ድመት።

መሐል ሜዳ ወይ ሞላሌ ያለ፣ ፊደሉን ጥንቅቅ አድርጎ የለየ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስቡ። ይሄ ቃል ስንት ድምፅ አለው ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ይላችኋል፤ ካ እና ት። ልጁ አልተሳሳተም። የእኛ ፊደል የሚቆርጠው እንዲህ ነው፣ ተነባቢና አናባቢውን አጣብቆ አንድ ምልክት ይሰጠዋል። እንግሊዝኛ ግን ያንኑ ቃል ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል፤ ሲ፣ ኤ፣ ቲ። እሱም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የመጀመሪያዋ ፊደል ስሟ «ሲ» ሆኖ እዚህ ቃል ላይ ድምጿ «ክ» ነው፣ «ሲቲ» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ «ስ» ትሆናለች። «ኤ» የምትባለውም እዚህ ኤ አትልም፣ ወደ ኣ የተጠጋ ሌላ ድምፅ ታወጣለች። እንግዲህ መምህሩ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ካት!» እያለ ክፍሉን ሲያስጮህ ልጁ ጆሮ የሚገባው «ሲኤቲ» ነው። ከዚያ ውስጥ ካት በምን በኩል እንደወጣ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ይሸመድደዋል። ነገ «ማት» የሚለውን ቃል ስትሰጡት ዝም ይላል፣ እሱን አልሸመደደማ።

እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ይሄ ችግር አይታየውም። ለእሱ ካት ካት ነው። ሜቶድ የወሰደ መምህር ግን ችግሩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ይጠቀማል። ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ፣ ኮ አስብሎ «ሰባቱም ውስጥ ያልተለወጠው ምንድን ነው?» ይላል። ልጆቹ ትንሽ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ አንዱ «ክ!» ይላል። በቃ፣ በሩ ተከፈተ። ካን ጎተት አድርጎ «ክ...ኣ» ብሎ ይለያያታል፣ ት ይጨምርባታል፣ ሦስት ጠጠር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አንድ ድምፅ በተባለ ቁጥር አንዱን ወደፊት ይገፋል። ድምፅን ለይቶ መስማት ይቀድማል፣ ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ይከተላል። ሁለተኛው ነው ፎኒክስ የሚባለው።

ፊደል የለየ ልጅ 33ቱን በሰባት በሰባት፣ 231 ምልክት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። 26 የእንግሊዝኛ ፊደል ለዚህ ልጅ ቁጥሩ አይከብደውም። የሚከብደው 26ቱ ፊደላት 44 ገደማ ድምፆችን ተሻምተው መያዛቸው ነው። እኛ ዘንድ አንዴ የለያችኋት ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አትከዳችሁም። (በነገራችን ላይ የየኔታ ትምህርት ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነው፤ ፊደል ይቆጠራል፣ ከዚያ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ከፊደሏ ወደ ቃሉ፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት። የንባብ ሜቶድ ስትማሩ ይሄ ነገር የሆነ ቦታ የማውቀው ነው ብትሉ አይገርመኝም።)

አንዳንድ ቃላት ግን በፎኒክስ አይፈቱም። እንግሊዝኛ ላይ ደጋግመው የሚመጡ፣ አጻጻፋቸው ከድምፃቸው ጋር የማይገጥም ትንንሽ ቃላት አሉ። ኤድዋርድ ዶልች የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ 220 የሚሆኑ ተደጋጋሚ ቃላትን ለቅሞ ዝርዝር አውጥቷል፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። እነሱን አይቶ መልመድ ነው። መቼ ድምፅ፣ መቼ ሽምደዳ የሚለውን መለየትም የሜቶድ ሥራ ነው።

አፍን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ሁላችንም እናውቀዋለንና። አማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ መደራረቡን አይወድም፣ ስለዚህ «ስኩል» «እስኩል» ይሆናል። ምላስን በጥርስ መሐል አውጥቶ የሚነገረው ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ አንዱ በስ፣ ሌላው በት ይተካዋል። መምህሩ ይሄን አስቀድሞ ካወቀ ልጁን አያሳቅቅም። ካላወቀ ግን «አፍህን ክፈት!» እያለ ይጮህበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቅ ነገር። እንግሊዝኛ ያልሰማ ልጅ መጀመሪያ እንዲናገር መገደድ አለበት እንዴ? ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው መንገድ አለ፣ ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ ይባላል፣ ሥልጠና ላይ በምሕጻሩ ቲፒአር። ልጁ ይሰማል፣ በሰውነቱ ይመልሳል። «ስታንድ አፕ» ሲባል ይነሣል፣ «ሲት ዳውን» ሲባል ይቀመጣል፣ «ክላፕ» ሲባል ያጨበጭባል። መናገሩ ሲደርስ ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ መንገድ ለዚህ አገር የተሠራ ሊመስለው ይችላል። እስክሪብቶ የሚይዝ ጣት በሌለበት ሰዓት «ጃምፕ! ክላፕ ዩር ሃንድስ!» ማለት ቋንቋም ነው፣ ማሞቂያም ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ይሄንኑ ብታደርጉ ልጆቹ ይታዘቧችኋል። ሜቶድ ማለት ይሄን መለየትም ነው፣ አንድ ዘዴ በቃሌ ይዣለሁ ብሎ በየቦታው መርጨት አይደለም።

ምሳሌ አመራረጥም እንዲሁ። የፈረንጅ የድምፅ መልመጃዎች አንድ የሚወዱት ጥንድ አላቸው፣ መርከብና በግ። በእንግሊዝኛ የሁለቱ ልዩነት አናባቢዋ ላይ ብቻ ነው፣ በእኛ ፊደል ብትጽፏቸው ሁለቱም «ሺፕ» ሊሆኑ ይችላሉ። መንዝ ላይ ይሄን የምታስተምሩት ልጅ ጠዋት በግ አሰማርቶ የመጣ ነው። በጉን ያውቀዋል፣ ጸጉሩን ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ሳያውቀው አይቀርም። መርከብ ግን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከበጉ ትጀምራላችሁ። ቃሉን፣ ድምፁን፣ «አይ ሃቭ ኤ ሺፕ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር። መርከቡ ሌላ ቀን ይደርሳል። ገብስ፣ ውሻ፣ አህያ፣ ምንጭ፣ ድንጋይ እያለ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አይስክሬም ማስተማር ምን የሚሉት ነገር ነው?

ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ መምህራንን እያዩ የሚዘጋጁ ልጆች አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርነትን በእንግሊዝኛ ትኩረት የሚማር ተማሪ የልጆች ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ልሳን፣ የንባብ ማስተማር ሥነ ዘዴ ይወስዳል፣ በመጨረሻም ትምህርት ቤት ገብቶ ይለማመዳል። እዚያ ስለ ንባብ ሲወራ ከማይቀሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የናሽናል ሪዲንግ ፓነል ሪፖርት ነው። ድምፅን ለይቶ መስማት፣ ፎኒክስ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና የተነበበውን መረዳት ላይ ያተኩራል። አብዛኛው እኛንም ይጠቅማል። ልዩነቱ ያ የአሜሪካ ልጅ «ካት» የሚለውን ቃል ማንበብ ከመማሩ በፊት ድመቷን በዚያው ስም ሲጠራት ኖሯል። የእኛው ልጅ ቃሉንም፣ ድምፁንም፣ ጽሑፉንም ባንድ ቀን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ከእነሱ ቪዲዮ የንባቡን ክፍል ብትወስዱም ከፊቱ የመስማትና የመናገር ሥራ መጨመር የእናንተ ፋንታ ነው።

ኮርሱ በወረቀት ብቻ አያልቅም። ማይክሮ ቲቺንግ የሚባል ልምምድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። አምስት አሥር ደቂቃ፣ አንድ ትንሽ ነገር፣ ተማሪ የሚሆኑት የክፍል ጓደኞቻችሁ። አስተምራችሁ ትጨርሳላችሁ፣ አስተያየት ይሰጣል፣ አስተካክላችሁ ትደግሙታላችሁ። መድገሟ ላይ ነው ጥቅሙ፣ ጊዜ አጠረ ተብሎ የምትዘለለውም እሷው ናት። ሌላው ችግር ደግሞ ጓደኞቻችሁ የሰባት ዓመት ልጅ መስለው መቀመጥ አይችሉም። ይስቃሉ፣ መልሱንም ያውቁታል። ትክክለኛው ፈተና ፕራክቲከም ላይ ነው። ትምህርት ቤት ትመደባላችሁ፣ መጀመሪያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፣ ከዚያ እየረዳችሁ፣ በኋላ ራሳችሁ ይዛችሁ ታስተምራላችሁ። ፍላሽ ካርዱ ከብስኩት ካርቶን፣ ቻርቱ ከማዳበሪያ ከረጢት ይሠራል። ፕራክቲከም ስትወጡ የዕለት ዕቅዳችሁ ላይ «ተማሪዎች የት ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ?» የምትል አንድ መስመር ራሳችሁ ጨምሩ። ፎርሙ ባይጠይቃችሁም ጨምሩ።

ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፦ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ታች ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም።

ወደዚያ ወደሚፈራው ልጅ ልመለስ። እንግሊዝኛህ እንደ ፊልም ተዋናይ መሆን የለበትም። ለታችኛው ክፍል የሚያስፈልገው የክፍል ትእዛዞችን ሳይንተባተቡ መናገር፣ አጭር ታሪክ ጮክ ብሎ በጥሩ ድምፅ ማንበብና የምታስተምረውን ድምፅ በትክክል ማውጣት ነው። ጥቂት ነው፣ ግን ስሕተት አይወድም፤ አንተ የተሳሳትከውን ክፍሉ በሙሉ ይይዘዋልና። ስለዚህ የንግግርና የድምፅ ኮርሶቹን ለማለፍ ያህል ብቻ አትውሰዳቸው። እንግሊዝኛው አሪፍ የሆነው ልጅ ደግሞ በሜቶድ ክፍለ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ይክተት። የምዝገባ ጊዜውንና የመግቢያ ነጥቡን በተመለከተ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር የሰው ወሬ አትስሙ፣ ኮሌጁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እዩ።