ጠባብ ሐዲድ ማለት ደካማ ባቡር ማለት አይደለም

የድሮው የለገሃር ባቡር በተነሳ ቁጥር «ሐዲዱ ጠባብ ስለነበር ጉልበት አልነበረውም» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው እስቲ ጎረቤት ኬንያን ይይ። የሞምባሳ–ናይሮቢ የድሮ መስመር ስፋቱ ልክ እንደ እኛው 1 ሜትር ነው። የማንቸስተሩ ቤየር ፒኮክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ለምሥራቅ አፍሪካ የሠራቸው 34 «ክላስ 59» የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች (ባቡር ጎታቾች)፣ «ጋራት» የሚባለው ዓይነት፣ በዚያ ጠባብ ሐዲድ ላይ ነው የሠሩት። አንዱ 252 ቶን ይመዝን ነበር፤ 1,200 ቶን ጭነት እየጎተተም በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር ከፍ የሚል አቀበት ይወጣ ነበር።

ጉልበትን የሚወስነው በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት ነው። የመጎተቻው ኃይል ከዚያ ክብደት ሩብ ገደማ ሲያልፍ ጎማው ባለበት መሽከርከር ይጀምራል። ክላስ 59 የሚነዱ 8 አክስሎች (የጎማ ዘንጎች) ነበሩት፤ በአንዱ እስከ 21 ቶን ያርፍ ነበር። ወደ 38 ቶን የሚጠጋው የመጎተት ኃይሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እንፋሎቱስ ከየት ይመጣል? በተለመደው ሎኮሞቲቭ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ከጎማዎቹ በላይ ስለሚቀመጥ እንደልብ ሊወፍር አይችልም። ጋራት ግን ፊትና ኋላ ሁለት ባለሲሊንደር ጋሪዎች አሉት፤ ቦይለሩ በመካከላቸው በብረት ተሸካሚ ላይ ስለተንጠለጠለ ሥሩ ባዶ ነው። እሳት ማንደጃው ሰፊና ጥልቅ ይሆናል፤ የክላስ 59 ቦይለር ውፍረት ከሐዲዱ ስፋት እጥፍ ይበልጣል። ጋሪዎቹ ለየብቻ ስለሚዞሩም ኩርባ አያስቸግራቸውም። ድክመት የለውም አልልም፦ ውሃውና ነዳጁ የተጫኑት በጋሪዎቹ ላይ ስለሆነ እያለቁ ሲሄዱ ጎማው ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ መንሸራተት ይመጣል። ከጋሪዎቹ ጋር የሚዞሩት የእንፋሎት ቧንቧ መጋጠሚያዎችም ካልተጠበቁ ያፈሳሉ።

ስለዚህ የአንድን መስመር አቅም ማወቅ የፈለገ ሰው ሐዲዱ በሜትር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ድልድዮቹ ስንት ቶን እንደሚችሉ፣ ኩርባው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ፣ አቀበቱም ምን ያህል እንደሚከብድ ይጠይቅ።

ስለ ጋራትና ስለ ፋብሪካው የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ጋራትን የፈለሰፈው ቤየር ፒኮክ ነው።» አይደለም፤ ኸርበርት ዊልያም ጋራት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ፋብሪካው የመጀመሪያውን፣ «ኬ1»ን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ለአውስትራሊያዋ ደሴት ለታዝማኒያ ሠራ፤ የሐዲዱ ስፋት 610 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። የኋላ ሲሊንደሮቹ ከነጂው ክፍል ሥር ስለዋሉ ሙቀቱ ሠራተኛውን ያቃጥል ነበር፤ ክላስ 59ን ጨምሮ በኋለኞቹ ሲሊንደሩ ወደ ውጭኛው ጫፍ ወጣ።

«ጋራት የሠራው ቤየር ፒኮክ ብቻ ነው።» የጀርመን ፋብሪካዎቹ ክሩፕም ሄንሸልም ሠርተዋል።

«ፋብሪካው የከሰረው ከእንፋሎት አልላቀቅ ብሎ ነው።» እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ለብሪታንያ ምድር ባቡር «ሃይሜክ» የተባሉ 101 የዲዝል ሎኮሞቲቮችን አስረክቧል። ነገር ግን እነዚህ ጉልበታቸውን በሃይድሮሊክ የሚያስተላልፉ ነበሩ፤ ደንበኛው ወደ ዲዝል-ኤሌክትሪክ ሲያደላ ትእዛዙ ቀረና ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘጋ።