ቀኑን ምን ሲሠራ ይዋል? የእንስሳት ማቆያዎች ለውጥ

ጠባብ ቤት ውስጥ የተዘጋ አንበሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ልጆች «እየተቆጣ ነው» ይላሉ። ሥራ ፈትቶ ነው እንጂ ቁጣስ አይደለም። የእንስሳት ማቆያዎች፣ በተለምዶ «ዙ» የምንላቸው፣ ባለፉት መቶ ዓመታት ያሳዩት ለውጥ በአብዛኛው ለዚህ አንበሳ መላ ፍለጋ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ዛሬ ሳይዘጋ በመቆየት ቀዳሚው በ1752 የተቋቋመው የቪየናው ሾንብሩን ነው። ያኔ የንጉሣውያን መዝናኛ ነበር። የለንደኑ በ1828 ተከፈተ። በዚያ ዘመን የሚቆጠረው ብዛት ነው፤ ብዙ ዓይነት እንስሳ፣ ሁሉም በየፍርግርጉ።

በ1907 ካርል ሐገንቤክ ሀምቡርግ ላይ ብረቱን አነሳው። በአንበሳውና በተመልካቹ መካከል ጉድባ ቆፈረ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንበሳው ሜዳ ላይ የተለቀቀ ይመስላል። ሐገንቤክ ግን ጻድቅ አልነበረም። የእንስሳት ነጋዴ ነው፤ ከሩቅ አገር ያስመጣቸውን ሰዎች ሳይቀር ለትዕይንት አቅርቧል። ጉድባውም ቢሆን የተመልካቹን ዓይን አስደሰተ እንጂ የአንበሳውን ውሎ ብዙም አልለወጠም።

ውሎውን ያነሳው ስዊዘርላንዳዊው ሄይኒ ሄዲገር ነው። የበርንን፣ የባዝልንና የዙሪክን ማቆያዎች በየተራ መርቷል። የዱር እንስሳ እንዳሻው የሚንከራተት አይደለም ይል ነበር፤ የራሱ ክልል፣ መንገድ፣ መኝታና መደበቂያ አለው። ስለዚህ ከቦታው ስፋት ይልቅ ቦታው ውስጥ ያለው ነገር ይበልጣል።

ይህን ለመረዳት የእኛን ጭላዳ ማየት ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ቁጭ ብላ በጣቶቿ ሣር ስትነጭ ትውላለች። ምግቧ በአብዛኛው ሣር ስለሆነ ቀኗ የሚያልፈው በመብላት ነው። እሷን ሲሚንቶ ላይ አስቀምጦ ምግቧን በሳህን ማቅረብ ማለት ቁርሷን ሰጥቶ ቀኗን መቀማት ነው። ዙሪክ ዛሬ ለጭላዳዎቹ ዳገት ሠርቶ ስሙንም በሰሜን ተራሮች ሰይሞታል። እዚያው በ2014 የተከፈተው የዝሆኖች ግቢ ደግሞ በየቦታው የምግብ ሳጥን አለው። መቼ እንደሚከፈት ዝሆኖቹ አያውቁም። ስለዚህ ኩምቢያቸውን በየቀዳዳው እየሰደዱ ይዞራሉ። ተንከባካቢዎቹ አብረዋቸው አይገቡም። ከመከላከያው ወዲህ ሆነው «እግርህን» ይላሉ፤ ዝሆኑ እግሩን ያነሳል፣ ጥፍሩ ይታይለታል፣ ጉርሻውን ይቀበላል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካኝ ግን የአትላንታው ጎሪላ ዊሊ ቢ ነው። በ1961 ገና ግልገል ሳለ መጣ። ከዚያ 27 ዓመት ሙሉ ብቻውን ቤት ውስጥ ኖረ። ጓደኞቹ አንድ የተንጠለጠለ ጎማና አንድ ቴሌቪዥን ነበሩ። በ1984 ማቆያው ከአሜሪካ መጥፎዎቹ አንዱ ተብሎ በመጽሔት ሲወጣ ከተማው አፈረ፤ አስተዳደሩም ተለወጠ። በ1988 ዊሊ ቢ ሣር ወዳለበት ግቢ ወጣ። ለዓመታት ብቻውን የኖረ ጎሪላ ከመሰሎቹ ጋር ይስማማል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ተስማማ፤ በ1994 የመጀመሪያ ልጁ ተወለደች። በ2000 ሲሞት ሺዎች ሊሰናበቱት መጡ።

ሁሉም ነገር በግቢ ማሻሻል አይፈታም። የዲትሮይት ማቆያ ሁለት ያረጁ ዝሆኖቹን በ2005 ወደ ካሊፎርኒያ መጠለያ ላካቸው። የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባቸው፤ የዲትሮይት ክረምት ደግሞ አይቻልም። አገራችንም የመጠለያውን መንገድ ታውቀዋለች። ሆለታ አካባቢ ያለው «እንሰሳ ኮቴ» የተባለው መጠለያ በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶችን፣ ከሕገወጥ ነጋዴ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችን ይቀበላል። ወደ ዱር መመለስ የሚችል ይመለሳል፤ የማይችለው እዚያው ይኖራል።

ለውጡ ጎብኚንም ያስከፍላል። ቁጥቋጦና ዋሻ ያለው እንስሳ ሲፈልግ ይደበቃል። ትኬት የቆረጠ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «የታል? የታለ አንበሳው?» እያለ ይፈልጋል። አንበሳው ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝቷል።