የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት

የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት ተማሪዎች በሚውሉበት ግቢ የሚሰጥ የመከላከል፣ የምርመራና የመጀመሪያ እርዳታ ሥራ ነው። ሐኪም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሥራውን ዕለት ተዕለት የሚሸከመው ግን ነርስ ነው።

ቦስተን እ.ኤ.አ. በ1894 ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ቤቶች ላከች፤ ኒው ዮርክም ተከተለች። ሐኪሞቹ ትራኮማ፣ ጭርት፣ እከክ ወይም ቅማል ያገኙበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይመልሱታል እንጂ አያክሙትም ነበር። የተመለሰውም ልጅ ሳይታከም ሰንብቶ፣ ከክፍል ከሚወጡት ጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ይጫወታል። ይህን የታዘቡት ነርስ ሊሊያን ዋልድ በ1902 ባልደረባቸውን ሊና ሮጀርስን በአራት የኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር ሙከራ አሰማሩ። ሮጀርስ ቀላሉን ሕመም እዚያው እያከሙ፣ ለቀረው ደግሞ ቤት ድረስ ሄደው እንዴት እንደሚታከም ለእናቶች ያሳዩ ነበር። በመስከረም 1902 በሕመም ምክንያት ከትምህርት የታገዱት 10,567 ሲሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት መስከረም 1,101 ብቻ ሆኑ። ቀዳሚነቱን በ1892 ነርስ ወደ ትምህርት ቤት ለላከችው ለለንደን የሚሰጡም አሉ፤ ሥራውን በከተማ በጀት ቋሚ ያደረገችው ግን ኒው ዮርክ እንደሆነች በሰፊው ይነገራል።

እንግሊዝ በ1907 የተማሪዎችን የሕክምና ምርመራ በሕግ ደነገገች። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የትምህርት ቤት ጤና መርሐ ግብሩን የጀመረው በ1995 ነው።

ከዕለት ሥራዎች ሁሉ ፍሬው ቶሎ የሚታየው የዐይን ምርመራ ነው። ሰነፍ የተባለ ተማሪ ችግሩ ሰሌዳውን አለማየቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ተራ የሚጠብቁ ልጆች የመመርመሪያውን ሰንጠረዥ ፊደላት ከፊታቸው ካለው ሰምተው በቃላቸው ስለሚይዙ፣ ልምድ ያላት ነርስ መስመሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ታስነብባለች፤ በጣቶቹ መካከል አጮልቆ የሚያየውንም አንዱን ዐይኑን በመዳፉ እንዲሸፍን ታደርጋለች። አስም፣ የስኳር ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በስሙ ተለይቶ ይቀመጥለታል፤ የሚሰጠውም በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና በሐኪም ትእዛዝ ነው።

የአንጀት ትላትል በተስፋፋባቸው አካባቢዎች 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱ ትላትሉን እንደሚያስወግድ አያከራክርም። ለሁሉም ተማሪ በጅምላ መስጠቱ የትምህርት ውጤትን ምን ያህል እንደሚያሻሽል ግን ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም።

በአሜሪካ ለ750 ጤነኛ ተማሪዎች አንድ ነርስ የሚለው መለኪያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን ትቶ፣ በ2016 እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ ነርስ እንዲኖረው መክሯል።