በእንግሊዝ ነፃ የተማሪዎች ትራንስፖርት ውስጥ የሃይማኖት እኩልነት ምንድን ነው?

በእንግሊዝ አንድ ተማሪ በነፃ ወደ ትምህርት ቤት የመጓጓዝ መብት የሚያገኘው በዋናነት በርቀት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ፣ ለልጁ ተስማሚ የሆነው ቅርብ ትምህርት ቤት ከ2 ማይል (3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ከራቀ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነውን፣ ከ3 ማይል በላይ ከራቀ ደግሞ ከፍ ያለውን ልጅ የአካባቢው ምክር ቤት ያለ ክፍያ እንዲያጓጉዝ ያስገድዳል። ተስማሚነት የሚመዘነው ትምህርቱ ለልጁ ዕድሜ፣ ችሎታና ልዩ ፍላጎት በመመጠኑ ነው። የቤተሰቡ እምነት በዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ጥያቄውም የሚነሳው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ በመንግሥት ገንዘብ ከሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ሲሶው ገደማ ሃይማኖታዊ መሠረት አላቸው። አብዛኞቹ የአንግሊካንና የካቶሊክ ናቸው፤ የአይሁድ፣ የእስልምና፣ የሲክና የሂንዱ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። የሃይማኖት እኩልነት ሲባል በእምነት ብቻ የሚለያዩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማጓጓዝ እኩል ዕድል ማግኘታቸው ማለት ነው። ሃይማኖት የሌላቸውም ከእነዚህ ቤተሰቦች ይቆጠራሉ።

ሦስት የ12 ዓመት ልጆችን እናስብ። በአንድ መንገድ ይኖራሉ፤ የሦስቱም ወላጆች ገቢ ዝቅተኛ ነው፤ ሦስቱም በአቅራቢያቸው ያለውን ትምህርት ቤት ትተው 8 ማይል ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አንደኛዋ ወላጆቿ ካቶሊክ ስለሆኑ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መረጡላት። ሁለተኛው በአቅራቢያው ያለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ እምነት የሌላቸው ወላጆቹ ከሃይማኖት ነፃ የሆነውን ፈለጉለት። የሦስተኛዋ ወላጆች ግን ርቆ ያለውን የመረጡት በፈተና ውጤቱ ነው። በ2006 በተጨመረው ድንጋጌ መሠረት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ ከ11 እስከ 16 ዓመት ከሆነና ትምህርት ቤቱ በሃይማኖት ወይም በእምነት ምክንያት ተመርጦ ከ2 እስከ 15 ማይል ከራቀ፣ ከዚያ የሚቀርብ ተመሳሳይ እስከሌለ ድረስ ነፃ ጉዞ ይገባዋል። ሕጉ አለማመንንም እንደ እምነት ስለሚቆጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች መብት እኩል ነው፤ ሦስተኛዋ በዚህ ድንጋጌ አትጠቀምም። ለእኔ ከመላው ሥርዓት ፍትሐዊው ክፍል ይህ ነው፤ ድሃውን ይረዳል፣ አማኙንና የማያምነውንም አይለይም።

ገቢያቸው ከዚያ ከፍ ላሉት ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ውሳኔ የተተወ ነው። ባለፉት ዓመታት በጀት ሲጠብብ ብዙ ምክር ቤቶች ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ይሰጡት የነበረውን ነፃ አገልግሎት አስቀርተዋል ወይም አስከፍለዋል። አማኝ ወላጆች “መንግሥት ትምህርት ቤቱን እየደጎመ መንገዱን ለምን ይዘጋብናል?” ይላሉ፤ ቅሬታቸው ባዶ አይደለም። ሌሎቹ ደግሞ በሌላ ምክንያት ሩቅ ትምህርት ቤት የመረጠ ጎረቤት ለአውቶቡስ ሲከፍል፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያለው በነፃ መሳፈሩን ይቃወማሉ። ምክር ቤት በፈቃዱ የሚሰጠውን ለአንድ ቤተ እምነት ብቻ መስጠቱ በምንም መንገድ ትክክል ሊሆን አይችልም። ለሁሉም ይስጥ፤ ካልቻለም ለማንም አይስጥ።

የ15 ማይል ገደቡም ላይ ላዩን ሲታይ ገለልተኛ ይመስላል። ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት የሆኑበት እምነት ተከታይ ከገደቡ ውጭ የመቅረት ዕድሉ ከአንግሊካኑ የሰፋ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ የ2010 የእኩልነት ሕግ አገልግሎት ሰጪዎች በሃይማኖት ምክንያት እንዳያዳሉ ቢከለክልም፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚደረግን ማጓጓዝ ከዚህ ክልከላ በግልጽ አውጥቶታል። ሆኖም ምክር ቤቱ ነፃ አይወጣም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 149 ውሳኔው በተለያየ እምነት ላይ የሚያሳድረውን ጫና እንዲያጤን ያስገድደዋል፤ የትምህርት ሕጉም ትምህርት ቤት በእምነት የመረጡ ወላጆችን ፍላጎት ከግምት እንዲያስገባ ያዘዋል። ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ወላጅ ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማቅረብ፣ በአሠራሩ ላይ ጉድለት ካየም ለአካባቢ አስተዳደር እንባ ጠባቂ ማመልከት ይችላል።